በግንቡ ላይ የተሰጣው ልብስ

አጣቢዋ የቀሚሷን ጫፍ በአንድ እጇ ሰብስባ የምሽጉን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። የበሩ ዘብ «ኧረ እማማ ቀስ! በዚህ ዕድሜሽ ብትሰበሪ ማን ሊጠግንሽ ነው?» ሲላት ዞር ብላም አላየችው። ሻለቃው በማለዳ ኮቱን አውልቆ ብቻውን ወደ ልብስ ማጠቢያው ወርዷል ብለው ነግረዋታል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ኮቱን አውልቆ፣ ከሰው ተለይቶ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ምን እንደያዘው ለማወቅ ሐኪም መጥራት አያስፈልግም ነበር። ትኩሳቱ የሚጀምረው እንዲያ ነው።

ደርሳ ስታየው ግን ደህና ነው። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ፣ በጣቱ የሳሙናውን ውሃ ያማስላል። ሄዳ መዳፏን ግንባሩ ላይ ለጠፈችው።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ እትዬ። አንቺን እየጠበቅኩ ነው።»

«ታዲያ ሰው ልከህ አታስጠራኝም? ልቤ እኮ ቀጥ ሊል ነበር!»

በአካባቢው ማንም ስላልነበረ ነው «አንተ» ያለችው። ሰው ፊት ሲሆኑ «እርስዎ» ነው፣ «ጌታዬ ሻለቃ» ነው፤ እሷም እንደማንኛዋም አጣቢ አንገቷን ሰበር አድርጋ ነው የምታናግረው። እናቱ በወለደችው ሳምንት ስትሞት፣ የራሷን ልጅ በቅርቡ ቀብራ ጡቷ በወተት ይፈነዳ የነበረችውን ይህችን ሴት አባቱ ቀጥሮ አመጣት። እሷም ሕፃኑን ከታቀፈች በኋላ ተመልሳ አልሄደችም። አድጎ ወደ ጦር ትምህርት ቤት ሲገባ ልብሱን ይዛ ተከተለችው። መኮንን ሲሆን የክፍለ ጦሩ አጣቢ ሆና ተቀጠረች። ወታደሮቹ እሱን እንዳሳደገችው ያውቃሉ፤ ግን አንድም ቀን በዚህ ስትመካ ስላልሰሙ ወደዷት፤ «እማማ» አሏት።

«ቁጭ በይ» አላት። ተቀመጠች። እሱ እንደ ልማዱ ዝም አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከባድ ነገር ሊናገር ሲል መጀመሪያ ዝም ይላል፤ እሷም መጠበቅን ለምዳዋለች።

«የሞቱትን ልጆች ልብስ የት ነው ያስቀመጥሽው?» አለ በመጨረሻ።

አጣቢዋ ፊቷ ተለዋወጠ። ጠላት መጥቶ ከበባውን ከመጀመሩ በፊት ትኩሳቱ ምሽጉ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከግማሽ የሚበልጠው ወታደር በጥይት ሳይሆን በዚህ ትኩሳት አለቀ። ሰው ሲሞት በአንሶላ ጠቅልለው ይቀብሩትና የደንብ ልብሱን ለማቃጠል ወደ እሳት ይወስዱት ነበር። እሷ እሳቱ አጠገብ ቆማ «ስጡኝ» ትላለች። በትልቁ ብረት ድስት ትቀቅለዋለች፣ ታደርቀዋለች፣ አጣጥፋ ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ካለችው ትንሽ ክፍል ታስቀምጠዋለች። ጦርነቱ ሲያልቅ ለየእናቶቻቸው ልትሰጥ።

«ምን ልታደርግበት?»

«ላሰጣው።»

«ምን?»

«ግንቡ ላይ ላሰጣው ነው እትዬ። እንደ ሕያው ሰው ልብስ።»

ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳት። ትናንት አንድ ከጠላት ሰፈር የከዳ ወታደር በገመድ ተስቦ ገብቷል። ጠላት ምሽጉ ውስጥ ያለው ሰው እንዳለቀ ሰምቷል፤ ዝናቡ ያረሰረሰው መሬት ትንሽ እንደጠነከረ መሰላል ይዞ ግንቡን ሊወጣ ነው። ግንቡን የሚከላከል ሰው ደግሞ የለም። ከኋላ በገደሉ በኩል ያለውን የድንጋይ ድልድይ ጎርፉ መሃሉን ቆርጦ ወስዶታል። በሁለቱ ግማሾች መካከል ገመድ ለመዘርጋት አናጢውና ገመድ ገማጆቹ ሥራ ጀምረዋል፤ ምሽጉ ውስጥ የተጠለለውን የከተማውን ሕዝብ አንድ በአንድ ለማሻገር ቀናት ይፈልጋሉ።

«ጠላት ጥቂት ቀን እንዲያመነታ ነው የምፈልገው» አለ። «ከኮረብታው ላይ ሆኖ በመነጽር ያየናል። ግንቡ ሙሉ ውሃ የሚያንጠባጥብ ልብስ ተሰጥቶ ቢያይ ምን ይላል? ሬሳ ልብሱን አያሳጥብም።»

አጣቢዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

«አደራ ነው እኮ» አለች። «ለእናቶቻቸው ምን ልላቸው ነው?»

«ልጆቻችሁ ከሞቱ በኋላም ዘብ ቆሙልን በያቸው።»

ይሄኔ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እሱ እንዳላየ ሆኖ ወደ ውሃው ዞረ፤ ይህንንም የለመደው ከእሷ ነው፤ ልጅ ሆኖ ሲያለቅስ እንዳላየች ሆና ትዞርለት ነበር።

*

ረፋዱ ላይ ወታደሮቹ በሙሉ ግቢው ውስጥ ተሰለፉ። ምክትሉ ሻምበል ነው፤ ወገቡ ተጣጥፎ የማያውቅ፣ ሲበላም ሲጸልይም ቀጥ ያለ ሰው ስለሆነ ወታደሮቹ በሌለበት «ዘንግ» ይሉታል። ሐሳቡን ሲሰማ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ጌታዬ ሻለቃ፣ ይፍቀዱልኝና» አለ፤ «የአንድ ምሽግ አዛዥ በእርጥብ ጨርቅ አይዋጋም። በሩን እንክፈትና ወጥተን በክብር እንሙት።»

«እኛስ በክብር እንሙት። ሕዝቡስ?»

ሻምበሉ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ጥይት ካለህ አምጣ፣ በጥይት እዋጋለሁ» አለው ሻለቃው ያለ ቁጣ። ከዚያ ወደ ወታደሮቹ ዞሮ «ጥቂት ሰዎች ከግምጃ ቤት ልብሱን ወደ ማጠቢያው ያውርዱ» አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እምቢተኝነት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ትኩሳቱ በልብስ ይተላለፋል ብለው ያምኑ ነበር። እማማ ቀቅላዋለች ቢባሉም፣ የወንድሞቻቸውን ሬሳ ከነዚያ ልብሶች ውስጥ ሲያወጡ የነበሩት እነሱ ናቸው። አንዱ ሌላውን አየ፤ ሁሉም መሬት መሬት አዩ።

አጣቢዋ ከደረጃው አጠገብ ቆማ ትመለከታለች። አሁን ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ሻምበሉም ዱላውን ጨብጦ ይሄንኑ ይጠብቅ ነበር። ሻለቃው ግን ትእዛዙን አልደገመም። ኮቱን አውልቆ ለሻምበሉ አስያዘውና ወደ ግምጃ ቤቱ ሄደ። ሲመለስ ትልቅ ጥቅል በትከሻው ተሸክሟል፤ ከጥቅሉ አንድ እጅጌ ወጥቶ ጀርባው ላይ ይወዛወዛል። በወታደሮቹ መሃል አልፎ ደረጃውን ወረደ፤ ገንዳው አጠገብ ጥቅሉን ፈታ፤ ተንበረከከ፤ የመጀመሪያውን ኮት ውሃ ውስጥ ነከረ።

አጣቢዋ ተከትላው ወረደች። ትንሽ ካየችው በኋላ አላስቻላትም።

«ጌታዬ፣ እንደ ጠላት አይደብድቡት እንጂ! ይሹት። እንዲህ። ከአንገትጌው ይጀምሩ።»

«እንዲህ?»

«አዎ። ኧረ ሳሙናውን ይቆጥቡ፣ ያለን ያ ነው።»

ወታደሮቹ ደረጃው ላይ ተደርድረው ያያሉ። ከበባውን ሙሉ ሲያዋጋቸው የኖረው ሰው፣ ደረቱ ላይ የጎራዴ ጠባሳ ያለበት ሰው፣ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የአንድ ተራ ወታደር አንገትጌ ያሻል። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ላይ እየወረደ ውሃው ውስጥ ይንጠባጠባል። ኮቱን አንስቶ ሲጨምቅ ብብቱ ሥር በቀይ ክር የተሰፋ ቦታ ታየ።

ከደረጃው ላይ አንድ ድምፅ ተሰማ። «ጌታዬ...»

ጥምዝ ጢም ያለው አሥር አለቃ ነበር። ሁለት ሁለት ደረጃ እየተንደረደረ ወርዶ ከሻለቃው ፊት ቆመ፤ እጁን ወደ ኮቱ ዘረጋ።

«ያ የወንድሜ ነው» አለ። «ቀይ ክር ነው ያለን ብሎ... እኔ ነኝ የሰፋሁለት። ለእኔ ይስጡኝ። እኔ ልጠበው።»

ሻለቃው ኮቱን በሁለት እጁ ይዞ አቀበለው፤ ለባለሥልጣን ዕቃ እንደሚያቀብሉ። አሥር አለቃው አጠገቡ ተንበረከከ። ከዚያ ሌላው ወረደ፣ ከዚያ ሌላው። «የጓደኛዬን ፈልጉልኝ» የሚል መጣ። «የማንም ይሁን፣ ስጡኝ» የሚል መጣ። እኩለ ቀን ሳይሆን በገንዳው ዙሪያ ጉልበት ማሳረፊያ ጠፋ። አጣቢዋ በመሃላቸው እየተዘዋወረች «አንተ ደግሞ ልብስ ነው የምታጥበው ሊጥ ነው የምታቦካው?» እያለች ትገስጻቸዋለች፤ እነሱም ለብዙ ሳምንት ያልሳቁትን ይስቃሉ። በሳቁ ውስጥ የሚያለቅስም ነበረ፤ ፊቱ በውሃ ስለረጠበ ግን ማን እንደሆነ አልታወቀም።

ከሰዓት በኋላ እሷ ጥላ ሥር ተቀምጣ የጥይት ቀዳዳዎቹን ደፈነች። እያንዳንዱን ኮት ከመልቀቋ በፊት ግን መቀሷን አውጥታ የታችኛውን ቁልፍ ትቆርጥና ወደ ጉያዋ ትከታለች። ሻምበሉ አየና ጠጋ አለ።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ ሴትዮ?»

«ልብሱን ጦርነቱ ወሰደው ጌታዬ። ለእናቶቻቸው ይህችን እንኳ ልያዝላቸው።»

ሻምበሉ ሊቆጣት የከፈተው አፍ ክፍት እንዳለ ቀረ። ቆሞ ትንሽ ካየ በኋላ ከኪሱ ንጹሕ መሐረብ አውጥቶ ቁልፎቹን የምትቋጥርበት ሰጣትና ቀጥ ብሎ ሄደ።

*

ልብሱ ግን አልበቃም። ግንቡ ረጅም ነው። ሻለቃው «የእኛም ይታጠብ» አለ፤ የወርቅ ክር ያለበትን የራሱን ኮት በመጀመሪያ አውልቆ፣ ሱሪውንም አስከትሎ፣ ብርድ ልብስ ታጠቀ። ወታደሮቹ ተያዩና ማውለቅ ጀመሩ። የቀረው ሻምበሉ ብቻ ነው። መሃል ግቢ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ዓይኑን ሩቅ ተክሎ፣ ቁልፉን አንድ በአንድ ፈታ። ከሱሪው ሥር የለበሰው የሱፍ ሙታንታ ጉልበቱ ላይ በትንንሽ አበባዎች ተጠግኖ ነበር፤ ቢጫ አበባ፣ ሰማያዊ አበባ።

ሁሉም ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይታገላል።

«ሚስቴ ናት» አለ ሻምበሉ ወደ ማንም ሳያይ።

«የታደልክ ነህ» አለው ሻለቃው፤ በቀልድ አልነበረም። ሚስት ያልነበረው ሰው ነው። ወታደሮቹም መሳቁን ትተው ብርድ ልብስ አቀበሉት።

በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ግንቡ ከዳር እስከ ዳር በልብስ ተሸፍኖ ነበር። ነፋሱ ሲመጣ እጅጌዎቹ ሁሉ ባንድነት ይነሳሉ። በኮረብታው ላይ የጠላት መነጽር ብልጭ ድርግም ሲል ዋለ። ሻለቃው በየጥቂት ሰዓቱ ልብሱን ያስለውጣል፤ እዚያ የነበረውን እዚህ፣ የደረቀውን አስነስቶ እርጥቡን። ጥቂት ሰዎች የደረቀውን ለብሰው ግንቡ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ስለ ሳሙና ይጣላሉ። በሦስተኛው ቀን ዘቡ ሮጦ መጣ። ጠላት መሰላሎቹን ወደ ኋላ መልሶ ጉድጓድ እየቆፈረ ነው፤ ለረጅም ከበባ ሊቀመጥ ነው፤ ከባድ መድፍ እንዲመጣለት የላካቸው ፈረሰኞችም ሲወጡ ታይተዋል።

ሻምበሉ ወሬውን ሲሰማ ግንቡ ላይ የተሰጣውን ኮት በእጁ ዳሰስ አደረገ። «በእርጥብ ጨርቅ» አለ ለራሱ።

*

ገመዱ ተዘረጋ። አናጢው አንድ ሰው ከነልጁ የምትይዝ ሳጥን ሠርቶ በመዘውር ሰቀላት። ከሥር ወንዙ ደፍርሶ ግንድ እያንከባለለ ይጮኻል። ሕዝቡ ጓዙን ተሸክሞ በግማሹ ድልድይ ላይ ተሰበሰበና ቁልቁል አየ። ከዚያ ወደ ኋላው ማፈግፈግ ጀመረ።

«እኔ ልጆቼን እዚያ ውስጥ አላስገባም!» አለች አንዲት እናት።

«ጠላት ይሻለናል!» አለ ሌላው። «እሱ ቢያንስ መሬት ላይ ነው የሚገድለን!»

አናጢው ሳጥኗን እየደበደበ «ዝሆን ትሸከማለች!» ይላል፤ የሚሰማው የለም። ሻለቃው አንድ እግሩን ወደ ሳጥኗ ሲያነሳ ሻምበሉ ክንዱን ይዞ በጆሮው ተናገረ። አጣቢዋ አጠገባቸው ስለነበረች ሰማች።

«አይሆንም ጌታዬ። እርስዎ ቀድመው ከተሻገሩ አዛዡ ጥሎን ሸሸ ብለው ወደ በሩ ይጎርፋሉ።»

«ካልተሻገርኩ ደግሞ ገመዱን አላመነውም ይላሉ።»

«ወታደር እንላክ።»

«ወታደር ታዞ ነው የሚሄደው። ሕዝቡም ይህን ያውቃል።»

የሻለቃው ዓይን በሕዝቡ ላይ ዞረ፤ ዞሮ ዞሮ አጣቢዋ ላይ ሲደርስ ደንግጦ እንደሚሸሽ ወዲያው ዘወር አለ። ያችን ቅጽበት ብቻ ነው ያየችው፤ በቃት። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የእኔ የሚለው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳሰበ፣ በማሰቡም ራሱን እንዴት እንደጠላ፣ ሁሉንም አወቀችው። እሱ አፉን ከፍቶ ሊጠይቃት እንደማይችልም አወቀች። ስለዚህ አላስጠየቀችውም።

«ዞር በሉ እስቲ» ብላ በክርኗ ሻምበሉን ገፋ አድርጋ ወደ ሳጥኗ ሄደች። «ጎኔን የሚያሳርፍ ነገር አንጥፉልኝ። አጥንት ብቻ ነኝ።»

«እትዬ...» አለ ሻለቃው። ሰው ፊት እንዲህ ብሏት አያውቅም።

«ምንም አትበለኝ። ምንም ካልከኝ እፈራለሁ።» እሷም ሰው ፊት «አንተ» እንዳለችው አላስተዋለችም።

ገብታ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ሕዝቡ የሻለቃው አሳዳጊ መሆኗን ያውቃል፤ ጉምጉምታው ጠፋ። መዘውሩ ጮኸ። ሳጥኗ ከድንጋዩ ስትለቅ ጠርዟን በሁለት እጇ ጨበጠች። ነፋሱ ከሥር እየመጣ ቀሚሷን ይነፋል። መሃል ላይ ስትደርስ ሳጥኗ ግጭ ብላ ቆመች። ገመዱ ከመዘውሩ ወጥቶ ነበር። ከዳር ጩኸት ተነሳ። ሳጥኗ ወዲያና ወዲህ ስትል ዓይኗን ገለጠች፤ ወንዙ ልክ እግሯ ሥር ሆኖ ታያት።

«እትዬ! ወደ እኔ እዪ!» የሻለቃው ድምፅ ነው። «ወደ ታች አትመልከቺ! ወደ እኔ እዪ! ይኸው፣ አሁን ያስተካክሉታል። ትሰሚኛለሽ? ትንሽ ሆኜ ጉድጓድ ውስጥ የወደቅኩ ጊዜ ምን አልሽኝ? ተረት ስነግርህ ወደ አፌ እይ አላልሽኝም? እዪኝ፣ እኔ ልንገርሽ። ከዕለታት አንድ ቀን...»

ይህ አፉ በቁልፍ እንኳ የማይከፈት የሚመስለው ሰው፣ በወታደሩና በከተማው ሕዝብ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ለአንዲት አሮጊት ተረት ጀመረ። አንበሳ ነበር፣ አይጥ ነበረች፣ ቀጥሎ ምን እንደመጣ እሱም የረሳው ይመስላል፤ አይጧ ሁለት ጊዜ ሞታ ሁለት ጊዜ ተነሳች። አጣቢዋ ሳቋ አመለጣት። ፍርሃቷ ለቀቃት።

«ማሙሽ!» ብላ ጮኸች። «ተረቱ አልሆነልህም! ዝም በልና ገመዱን ሳብ!»

ድልድዩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። በሳቁ መሃል ገመዱ ወደ ቦታው ገባ፤ ሳጥኗ ተንቀሳቀሰች፤ ማዶ ድንጋዩን ነካች። አጣቢዋ ወርዳ ቆመችና እጇን አነሳች። ጠላት ይሻለናል ያለው ሰውዬ ነበር ቀጥሎ ወደ ሳጥኗ ሲሮጥ የታየው።

በዚያ ቀንና በማግሥቱ ከተማው በሙሉ ተሻገረ፤ ሕፃናት፣ በሽተኞች፣ ከዚያም ወታደሮቹ። ሻለቃው መዘውሩ ላይ ቆሞ ገመድ ሲስብ መዳፉ ተልጦ ደም አዘለ። የመጨረሻዋ ሳጥን ውስጥ የገባው እሱ ነው። ማዶ ሲደርስ ገመዱን ራሱ ቆረጠው። ከኋላቸው በባዶው ምሽግ ግንብ ላይ የሟቾቹ ልብስ አሁንም በነፋስ ይውለበለባል።

*

ጉዞው ከባድ ነበር። ወዳጅ ጦር ያለበት ከተማ እስኪደርሱ ብዙ ዳገት አለ፤ ከማዶ መንደር የተገኙት በቅሎዎችና ቃሬዛዎቹም ለበሽተኛ ብቻ ናቸው። ሻለቃው ከፊት ይሄዳል። አጣቢዋ አረማመዱን ከኋላ አይታ አወቀች። እግሩን የሚያነሳው እንደ ከባድ ዕቃ ነው። ውሃ ስታቀብለው ጣቱ ነካት፤ እሳት ነው።

«ጀመረህ» አለችው በሹክሹክታ።

«ቀላል ነው። ማንም እንዳይሰማ።»

«ቃሬዛ ላይ ውጣ።»

«በሽተኞቹ ይቀድማሉ እትዬ። እኔ ከተኛሁ ይሄ ሁሉ ሰው ይወድቃል።»

ልጇን ታውቀዋለች፤ በልመና አይመለስም። ጥቂት እንደሄዱ ግን ከሰልፉ መሃል ጥምዝ ጢሙ አሥር አለቃ ያለ ድምፅ በአፍጢሙ ተደፋ። ሮጣ ደርሳ ስታገላብጠው ዓይኑ ደም መስሏል፤ ገላው ይፋጃል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ከድልድዩ...»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም አንተ ልጅ?»

አሥር አለቃው በደረቀ ከንፈሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሻለቃው እየሄዱ እኔ ልተኛ እማማ?»

አጣቢዋ ቀና ብላ ሰልፉን አየች። መጀመሪያ ያላየችው ሁሉ ያን ጊዜ ታያት። አንዱ ጠመንጃውን እንደ ምርኩዝ ይዟል። አንዱ ጓደኛው ትከሻ ላይ እንደ ቀልድ ተደግፏል። አንዱ ጥርሱ እንዳይንገጫገጭ መሐረብ ነክሷል። ሁሉም ዓይናቸው ከፊት በሚሄደው ሰው ጀርባ ላይ ነው፤ እሱ እስከሄደ ድረስ ይሄዳሉ፤ ሄደው ሄደው ይሞታሉ።

ተነስታ ወደ ፊት ሮጠች። ሻለቃውን አልፋ ዞረችና መንገዱን ዘጋችበት። ሰልፉ ቆመ።

«ተኛ!» አለችው።

«እትዬ፣ እባክሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ወታደሮቹ እያዩኝ ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ! እያዩህ ነው! ልብስ ስታጥብ አዩህና አጠቡ። ስታወልቅ አዩህና አወለቁ። አሁን ደግሞ ታመህ እንዳልታመምክ ስትሆን እያዩህ ነው። ዞር በልና እያቸው!»

ሻለቃው ዞረ። አንድ በአንድ አያቸው። መሐረብ የነከሰውን አየ፣ የተደገፈውን አየ፣ መሬት ላይ የተዘረረውን አሥር አለቃ አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ቀስ ብሎ ረገበ።

«ሻምበል» አለ።

«አቤት ጌታዬ።»

«ሰልፉን ተረከብ። እኔ ታምሜአለሁ።»

ቃሉን ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ ነው ያለው። ጎራዴውን ፈትቶ ለሻምበሉ ሰጠና ባዶ ቃሬዛ ላይ ራሱ ሄዶ ተጋደመ። ከዚያ ጠመንጃውን የተመረኮዘው ወታደር ከሰልፉ ወጥቶ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ቀጥሎ መሐረብ የነከሰው። ከዚያ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ፤ «እኔም...» እያሉ፣ እንደ አጥፊ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው። ደህና የነበሩት ደግሞ ቃሬዛ ለመሥራት ዛፍ ሊቆርጡ ተሯሯጡ። በዚያ ሣር ላይ ከተቀመጡት ብዙዎቹ በኋላ ድነው ወደየቤታቸው ገብተዋል፤ አሥር አለቃውም አንዱ ነው።

ለመነሳት ሲዘጋጁ ሻምበሉ ጎራዴውን ለሌላ መኮንን አስያዘና የሻለቃውን ቃሬዛ የፊት እጀታ ራሱ ጨበጠ። ወገቡን ያን ጊዜ ነው አጣቢዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጎብጥ ያየችው።

«እማማ» አላት፤ እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም፤ «በዚህ በቀኝ በኩል ይሁኑ፣ ጥላ ነው።»

በቀኝ በኩል ሆነች። መዳፏን በልጇ ግንባር ላይ አድርጋ አብራ ሄደች። ዳገቱ መሃል ላይ ሻለቃው ዓይኑን ገለጠ።

«እትዬ፣ ማነው የሚመራው?»

«አንተ ነህ» አለችው። «አሁን ዝም ብለህ ተኛ።»